በትልቁ ሜዳ አሜሪካ፣ በስድስት ለስድስት ካናዳ፦ የሴቶች ላክሮስ ልዩነቱ ምንድነው?

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ሜሪላንድ ላክሮስ (ጫፉ ኳስ በሚይዝ ስቲክ ኳስ እየተቀባበሉ ግብ የሚያገቡበት ጨዋታ) የሚጫወቱ ልጆች ያሏችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ከእናንተ የተሻለ የምጠይቀው የለም።

በጁላይ 2022 ታውሰን ላይ በትልቁ ሜዳ በተደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ አሜሪካ ካናዳን 11 ለ 8 አሸነፈች። በዚያው ወር በርሚንግሃም፣ አላባማ፣ በዓለም ጨዋታዎች ላይ ደግሞ በትንሹ ሜዳ በሚደረገው በስድስት ለስድስቱ ፍጻሜ ካናዳ አሜሪካን 14 ለ 12 ረታች። በሁለቱ ውድድሮች መካከል ያለው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚህ ፍጥነት ቡድን አይደክምም፣ ቡድንም አይጠነክርም። ስለዚህ የተለወጠው ጨዋታው ራሱ መሆን አለበት። ምኑ ነው የተለወጠው?

የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ የሚገባው ስድስት ለስድስቱ ነው። የ15 ዓመቷ ልጄ በትምህርት ቤት የምትጫወተው 12 ለ 12 ነው። ከዚያ በተጨማሪ ምን ብትለማመድ ይጠቅማታል? ስቲኩስ ያው ነው? አባቷ ደግሞ «ለኢትዮጵያ መጫወት ትችላለች ወይ?» ይላል፤ እሱንም የምታውቁ ካላችሁ።

---

የጎን መስመር፦

እህቴ፣ ዋናው ልዩነት «ድሮው» (draw) የሚባለው የጨዋታ ማስጀመሪያ ነው።

ድሮው ሁለቱ የመሐል ተጫዋቾች የስቲካቸውን ጀርባ ለጀርባ አጋጥመው፣ ኳሷን በመካከል ይዘው፣ ሲነፋ ወደ ላይ የሚያፈናጥሩት ነው። ኳሷ ከጭንቅላታቸው በላይ ካልወጣች ዳኛው አይቀበለውም። በትልቁ ሜዳ ከእያንዳንዱ ጎል በኋላ ኳሷ ወደ መሐል ተመልሳ ድሮው ይደረጋል። ታውሰን ላይ 19 ጎል ገባ። የአራቱን ሩብ መጀመሪያ ስትጨምሪበት ድሮው እስከ 23 ይደርሳል። ድሮውን የምታሸንፍ ልጅ ያለው ቡድን ጎል አግብቶ ኳሷን መልሶ ይወስዳል፣ እንደገና ያገባል፤ ሌላው ቡድን ኳስ ሳይነካ ሦስት ጎል ይቆጠርበታል። የአሜሪካ ኮሌጆች ለዚህች አንድ ሥራ ብቻ ሰው ያሰለጥናሉ።

በስድስት ለስድስት ድሮው ያለው በየሩቡ መጀመሪያ ብቻ ነው። በርሚንግሃም ላይ 26 ጎል ገብቶ ድሮው አራቴ ነው። ጎል ሲገባ በረኛዋ ኳሷን ከመረቧ አውጥታ እዚያው ትጀምራለች፤ ፊሽካ የሚጠብቅ፣ ወደ መሐል የሚሄድ የለም። ያገባችው ልጅ እጇን ወደ ላይ እያነሳች ሳለ ኳሷ በጭንቅላቷ በላይ አልፋ ትሄዳለች። የገባበት ቡድን ሁልጊዜ ኳሱን ያገኛል ማለት ነው። ጎል ማግባት በትልቁ ሜዳ ብልጫ ነው፤ እዚህ ግን ተራ መለዋወጥ ነው፣ እንደ ቅርጫት ኳስ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ጨዋታው አራት ጊዜ 8 ደቂቃ ሆኖ በእያንዳንዱ ጥቃት ላይ የ30 ሴኮንድ ሰዓት አለ። 32 ደቂቃን ለ30 ሴኮንድ ብታካፍዪው 64 ጥቃት ነው፤ ሁለቱም ቡድን ሰዓቱን እስከ መጨረሻው ቢጠቀምበት እንኳ ለእያንዳንዱ 32 ይደርሰዋል። ስለዚህ ነው በ32 ደቂቃ 26 ጎል የገባው፤ ታውሰን ላይ በ60 ደቂቃ 19 ነበር። በደቂቃ ሲሰላ ከሁለት ጊዜ ተኩል በላይ ነው። እየመሩ ኳስ ይዞ ሰዓት መግደል የሚባለው ነገር እዚህ ቦታ የለውም።

ሜዳው 70 በ36 ሜትር ነው። በሜዳ ላይ በረኛዋን ጨምሮ ስድስት ሰው፣ በቡድኑ ዝርዝር ደግሞ 12 ሰው። በትልቁ ሜዳ ከመስመር ጀርባ የምትቀር ተከላካይ አለች፣ የማትመለስ አጥቂ አለች። እዚህ እንደዚያ ዓይነት መስመር የለም፤ አምስቱም ያጠቃሉ፣ አምስቱም ይመለሳሉ። «እኔ ተከላካይ ነኝ» የምትል ልጅ ቦታ አታገኝም።

ለልምምዱ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ የአሜሪካን ፉትቦል መስመር ያለበት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። 70 ሜትር 76 ያርድ ተኩል፣ 36 ሜትር 39 ያርድ ተኩል ገደማ ይሆናል። ከአንዱ የጎል መስመር ተነሡና በማዶ በኩል በ23 እና በ24 መካከል ኮን አስቀምጡ፤ ከሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ 7 ያርድ ያህል ግቡ። አለቀ፣ ሜዳ ሆነ። ግቦቹን ዳር ላይ አታስጠጉ፤ በላክሮስ ከግቡ ጀርባ ጨዋታ አለ፣ ቦታ ይፈልጋል።

ከዚያ ስልክ ላይ 30 ሴኮንድ ሞልታችሁ ጀምሩ። እኔ የምመክረው አከፋፈል፦ በ7 ሴኮንድ ሜዳ መሻገር፣ በ15 ሴኮንድ ማጥቃት፣ ሰዓቱ ላይ 8 ሴኮንድ ሲቀር የመጀመሪያው ምት መመታት አለበት። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በትልቁ ሜዳ ኳስ ማዟዟር ስለለመዱ ጥሩ ዕድል ሲጠብቁ 3 ሴኮንድ ይቀራቸዋል፤ ከዚያ ከሩቅ፣ ተከላካይ ፊታቸው ላይ ቆማ፣ በሩጫ ይመታሉ። በረኛዋ ያንን ትይዝና በአንድ ረጅም ቅብብል አምስቱንም አልፋ ትጥላለች።

እሱን ለማዳን አንድ ልማድ ይበቃል። ምት በተመታ ቁጥር ከመቺዋ በተቃራኒ በኩል ያለችው ልጅ ውጤቱን ሳታይ ወደ ኋላ ትሮጣለች። ሳታይ ነው ያልኩት። ዞራ ለማየት የምታጠፋው አንድ ሴኮንድ አምስት ስድስት ሜትር ነው፣ በዚህ ሜዳ ላይ ደግሞ ያ ጎል ነው።

ቅያሪም እንደዚሁ ነው። ጎል ስናገባ እንቀይር የሚለው የትልቁ ሜዳ ሐሳብ ነው፣ እዚያ ድሮው እስኪደረግ ጊዜ አለ። እዚህ ያገባችው ልጅ ወደ ተጠባባቂ ወንበር ስትሄድ በረኛዋ ኳሱን ጥላለች፣ አራት ሰው አምስት ይገጥማል። ቅያሪ የሚደረገው ኳሱ በእጃችሁ ሆኖ ጥቃቱ ሲረጋጋ ነው፣ ለወንበሩ የቀረበችው ቀድማ ትወጣለች። አንድ ልጅ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ሙሉ በሙሉ ሮጣ ብትወጣ ይሻላል። ሦስት ደቂቃ የቆየች ልጅ ማጥቃቱን ትችለዋለች፤ የማትችለው መመለሱን ነው።

---

ከቶሮንቶ፦

የጎን መስመር ስለ ድሮው ያልከው ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው ያልከው። ድሮው መቀነሱ አሜሪካ ለምን ብልጫዋን እንዳጣች ይነግረናል። ካናዳ ለምን እንዳሸነፈች ግን አይነግረንም።

ደግሞ የካናዳ ልጆች ድሮውን አያውቁትም እንዳይባል፣ አብዛኞቹ የተጫወቱት እዚያው አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ነው። በድሮው ስሟ የገነነው ካናዳዊቷ ዳና ዶቢ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ነበረች።

መልሱ ቦክስ ላክሮስ ነው። ካናዳ ውስጥ በጋ ሲገባ በረዶው የተነሣለት የሆኪ አዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ጨዋታ ነው። በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው፣ የ30 ሴኮንድ ሰዓት፣ ጠባብ ቦታ። ይህ የማንን ጨዋታ ይመስላል? ስድስት ለስድስቱን የቀረጹት ሰዎች ከቦክሱ ብዙ ወስደዋል። ሴቶቹ ሁሉ በቦክስ አያድጉም፤ ግን አሰልጣኞቹ፣ ወንድሞቻቸው፣ የሚያዩት ጨዋታ ሁሉ ያ ነው።

ከቦክስ የሚመጣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሁለት ሰው ጨዋታ፦ ኳስ የያዘችው ልጅ ትቆማለች፣ ጓደኛዋ መጥታ ከተከላካይዋ አጠገብ ትቆምላታለች፣ ከዚያ አንዷ ወደ ግቡ ትገባለች። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ይህ ሁለት ጊዜ ይሞከራል። ችግሩ፣ በሴቶች ጨዋታ አካል መጋጨት ስለሚከለከል ከለላ የምትሆነው ልጅ ቀድማ ደርሳ መቆም አለባት፣ ተከላካይዋም እንድታያት ጊዜ መስጠት አለባት። እየተንቀሳቀሰች ከገጨች ፋውል ነው፣ ኳሱ ይሄዳል። ልጆች ሁልጊዜ ግማሽ እርምጃ ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ በእግር ብቻ፣ ሃያ ጊዜ ይለማመዱት።

ሁለተኛው የቅርብ ምት ነው። በትልቁ ሜዳ ያደገች ልጅ ከ8 ሜትር በኃይል ትመታለች። በቦክስ ጠባብ ግብ ላይ ያደገች ልጅ ሦስት ሜትር ላይ ደርሳ በረኛዋን በዓይኗ ታስተኛለች፣ ከዚያ በሌላ በኩል ታስቀምጣለች። ግቡ በስድስት ለስድስትም 1.83 በ1.83 ሜትር ነው፣ የቦክሱ ግን ከዚያ ያንሳል። ጠባቧን ለምዶ ወደ ሰፊዋ የመጣ ሰው ባዶ ቦታ ይታየዋል። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ግቡን በጨርቅ ሸፍናችሁ አራቱን ማዕዘን ብቻ ክፍት መተው ይበቃል፣ ውድ ዕቃ አትግዙ።

---

የጎን መስመር፦

ከቶሮንቶ፣ እቀበላለሁ። የሁለት ሰው ጨዋታው ላይ ከእኔ የተሻለ ተናግረሃል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ «አሜሪካ በትልቁ ሜዳ አትሸነፍም» የሚለው እንዳይለመድ። ከ1982 ኖቲንግሃም ጀምሮ በተደረጉት 11 የዓለም ውድድሮች ዘጠኙን ወስዳለች። ሁለቱን ግን በገዛ ሜዳዋ ለአውስትራሊያ ነው ያስረከበችው፦ በ1986 ስዋርትሞር 10 ለ 7፣ በ2005 አናፖሊስ 14 ለ 7። አናፖሊስ ከዚህ ከእኛ ሰፈር የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። በ2009 ፕራግ ላይም አውስትራሊያን ያለፈቻት 8 ለ 7፣ በአንድ ጎል ነው።

---

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ነው የገባኝ። የስቲኩን ነገር ግን ማንም አልነካውም። ባለፈው ዳኛዋ አንዲት ልጅ ስቲክ አንሥታ አይታ «ይህ አይሆንም» አለቻት፤ ምን አይታ እንደሆነ አልተረዳሁም።

---

ባለ ፊሽካ፦

ያየችው ኪሱን ነው፤ በስቲኩ ጭንቅላት ላይ፣ በጎን ግድግዳዎቹ መካከል ኳሷ የምትቀመጥበትን። አሥር ጊዜ ቢጣል ዘጠኙ በኪሱ ነው።

የሴቶች ስቲክ ኪሱ ጥልቅ መሆን የለበትም። እንዴት እንደሚታይ ልንገርዎ፣ ቤት ውስጥ ራስዎ ያዩታል። ኳሷን ኪሱ ውስጥ አድርገው በእጅዎ መጠነኛ ጫን ያድርጓትና ይልቀቁ። ከዚያ ስቲኩን አግድም አድርገው ወደ ዓይንዎ ቁመት ያንሡት፣ ከጎን ይዩት። የኳሷ አናት ከጎን ግድግዳው ጠርዝ በላይ ብቅ ብሎ ከታየ ሕጋዊ ነው። ግድግዳው ከሸፈናት ጥልቅ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ስቲኩን ገልብጠው ይያዙት፤ ኳሷ ሳትንጠለጠል በራሷ መውደቅ አለባት።

ለምን ትናንት ያለፈው ዛሬ ይወድቃል? ዝናብ። ባህላዊው ኪስ ቁመቱን በጠፍር ነው የሚወጠረው፣ ጠፍር ደግሞ እርጥብ ሲሆን ይለጠጣል። ሲደርቅ በሙሉ አይመለስም። ከጨዋታው ማግስት የጠፍሮቹን ጫፍ ከጭንቅላቱ ግርጌ ፈትቶ፣ እኩል እኩል ሳብ አድርጎ፣ እንደገና ማሰር ነው። አንዱን ብቻ ከሳቡት ኪሱ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ኳሷም ስትወረወር ወደዚያው ትሄዳለች፣ ልጅቷ «እጄ ተበላሸ» ትላለች። የማድረቂያ ማሽንም ሆነ የመኪና ሙቀት አያስጠጉ፣ ጠፍሩ ይሰነጠቃል። የተፈቀደ የመረብ ኪስ ያለው ስቲክ ከሆነ ዝናቡን በተሻለ ይችላል።

ርዝመቱ ጭንቅላቱ ከተገጠመ በኋላ ተለክቶ ከ90 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የበረኛ እስከ 135። አጭር ልጅ ስቲኩን ታስቆርጣለች፣ ጥሩ ነው፤ ግን ዘንጉን ብቻውን ለክተው የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፣ ያ ስሌት ያሳስታል። ጭንቅላቱን ገጥሞ፣ ለክቶ፣ ምልክት አድርጎ፣ ከዚያ መቁረጥ። የተቆረጠው ጫፍ ሳይሸፈን ከቀረ ያንንም እንጥለዋለን።

ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች። አዲስ ስትሆን እጅ ላይ ትይዛለች፣ ስታረጅ እንደ ሳሙና ትሙለጨለጫለች። በአሮጌ ኳስ የሚለማመድ ቡድን ልምምዱ የሐሰት ነው፤ ከኪስ የምትወጣው ቀድማ ስለሆነ ጨዋታ ቀን አዲሷ ሲመጣ ምቱ ሁሉ ወደ መሬት ይወርዳል።

መነጽሩ ላይ አይደራደሩ። አሜሪካ ውስጥ በትምህርት ቤትም በክለብም ኤኤስቲኤም ኤፍ3077 የሚል የደረጃ ማኅተም ያለበት መሆን አለበት። የወንድ ልጅ የሆኪ መከላከያ አይተካውም። ከዚያ የጥርስ መከላከያ። ለስላሳ የራስ ሽፋን በፈቃድ ነው፤ የሚለበስ ከሆነ ግን ኤፍ3137 የሚል ይፈልጉ።

አንድ ነገር ከትልቁ ሜዳ ወደ ስድስት ለስድስት ስትሄድ ልጅዎን ያስቀጣታል፣ የራስ ዙሪያ። በሴቶች ጨዋታ በተጫዋቿ ጭንቅላት ዙሪያ 18 ሳንቲ ሜትር ስቲክ የማይገባበት ክልል አለ። ኳሷን ቢነካም ባይነካም፣ በዚያ ክልል ውስጥ ስቲክ ከገባ ጥፋት ነው። ሜዳው ጠቦ ፍጥነቱ ሲጨምር ተከላካዮች ከኋላ ደርሰው ከላይ ወደ ታች ይመታሉ፣ እዚያ ጋ ነው ካርድ የሚመዘዘው። ከኋላ የደረሰች ልጅ እግሯን ትጠቀም፣ አልፋ ፊት ለፊት ትምጣ። ስቲኳ ከታች ወደ ላይ ይሂድ።

---

ነገረ ሕግ፦

የአባትየው ጥያቄ እንዳይቀር። ሁለት በር አለ፣ ሁለቱም መከፈት አለባቸው።

አንደኛው የስፖርቱ በር ነው። ቡድን የሚያስመዘግበው የዓለም ላክሮስ (World Lacrosse፣ ስፖርቱን በዓለም የሚመራው አካል) አባል የሆነ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ብቻ ነው። ወላጆች ተሰባስበው ማልያ አሠርተው አይገቡም። ለኦሊምፒክ ደግሞ የአገሪቱ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ያስፈልጋል። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ጨዋታውን የፈጠሩትን ሳይቀር ያስቸገረ ነው። የሰሜን አሜሪካ ነባር የሆነው የሃውደኖሳውኒ ሕዝብ በዓለም ሻምፒዮና በራሱ ባንዲራ ይሰለፋል፣ ሴቶቹም ታውሰን ላይ ነበሩ፤ በኦሊምፒክ ግን ኦሊምፒክ ኮሚቴ የለውምና በራሱ ስም የመግባት ጥያቄው አልተሳካም።

ሁለተኛው የዜግነት በር ነው፣ ለእኛ የሚከብደውም እሱ ነው። በኦሊምፒክ ቻርተር ተጫዋቿ የምትሰለፍለት አገር ዜጋ መሆን አለባት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ከወላጆቿ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነችን ልጅ ኢትዮጵያዊት ናት ይላል። ነገር ግን በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት፣ ውጭ አገር በመወለዷ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘች ልጅ አካለ መጠን ከደረሰች በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትታ ኢትዮጵያዊነቷን እንደመረጠች ለባለሥልጣኑ ካላስታወቀች፣ በፈቃዷ እንደተወችው ይቆጠራል። ማለትም ከ18 እስከ 19 ዓመቷ ባለው ጊዜ የአሜሪካን ፓስፖርት መመለስ ሊመጣ ነው።

«ቢጫ ካርድ አለን» የሚል ይኖራል። በአዋጅ 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፤ ዜጋ ግን አያደርግም። ሌሎች አገሮች በዳያስፖራ ልጆች ቡድን ሲሠሩ ስናይ ለምን እኛስ እንላለን። እስራኤልን ብንወስድ፣ አሜሪካ ያደጉ አይሁዳውያን ተጫዋቾች የመመለስ ሕጉን ይዘው ፓስፖርት ያወጣሉ፣ የአሜሪካውንም አይጥሉም፤ ቡድኑ በአጭር ጊዜ የተገነባው እንዲህ ነው። የእኛ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም።

ከኦሊምፒክ ውጭ ላሉት ውድድሮች የዓለም ላክሮስ የራሱ የተጫዋች ብቁነት ደንብ አለው። ፌዴሬሽን ኖሮ ጥያቄው ሲነሣ የዚያን ውድድር ደንብ ማንበብ ነው፣ የቀድሞውን አይደለም።

---

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አባቷ አንብቦ ዝም ብሏል። ለአሜሪካ ከሆነስ በየት በኩል ነው የሚገባው?

---

የጎን መስመር፦

የአሜሪካ ላክሮስ (USA Lacrosse፣ የአገሪቱ የላክሮስ አካል) ዋና ጽሕፈት ቤት ስፓርክስ ነው፣ ከባልቲሞር በስተ ሰሜን፤ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ለ15 ዓመት ልጅ በሩ ዋናው ቡድን ሳይሆን የወጣቶቹ ነው፣ ከ20 ዓመት በታች የሚባለው፤ የዓለም ውድድሩ በ2024 ሆንግ ኮንግ ላይ ተደርጎ ነበር። ለምርጫው ከመሄዷ በፊት ግን በሁለቱም እጇ መወርወር መቻሏን አረጋግጪ። ግራ እጇ ደካማ የሆነች ልጅ በትልቁ ሜዳ ቦታ መርጣ ትደበቃለች። በ36 ሜትር ስፋት ላይ ተከላካይዋ በአንድ በኩል ብቻ ቆማ ትዘጋባታለች። በየቀኑ ግድግዳ ላይ 100 በቀኝ፣ 150 በግራ፤ ከግድግዳው አራት ሜትር ርቃ፣ ኳሷ መሬት ከነካች ከዜሮ ትጀምር።

---

ባለ ፊሽካ፦

ለምርጫም ሆነ ለጨዋታ ስትሄድ ሁለት ስቲክ ትያዝ፣ ሁለቱም ቀደም ብለው የተጫወተችባቸው ይሁኑ። ትርፉ ከሱቅ ያልተገለጠ አዲስ ከሆነ ኪሱ ደረቅ ነው፣ ኳስ አይይዝም፤ የመጀመሪያው ተጥሎባት በሁለተኛው ስትወጣ ያየችውን ቅብብል ሁሉ ታፈስሳለች።